የአረጋውያን ሳል አይናቅ

በሐይቅ ዙሪያና በአምባሰል ደጋ ብርዱ በበረታ ጊዜ ሽማግሌ አባት በምድጃ ዳር ተቀምጠው ሲያስሉ መስማት ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ቤተ ሰቡም «ብርድ ነው፤ እርጅናም ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ሳሉ ሳምንት አልፎ ወር በሞላ ጊዜ፥ ሰውነት በከሳና አክታ ደም በቀላቀለ ጊዜ፥ ምክንያቱ ብርድም እርጅናም ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወር አረጋውያንን ስለሚይዘው የሳንባ ካንሰርና ስለ ሕክምናው ጥቂት ለመግለጽ አስበናል።

አስቀድመን ስለ ስሙ እንናገር። በቋንቋችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች ይነገራል። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው በዓይን በማይታይ ተሐዋሲ የሚመጣውንና በትንፋሽ የሚተላለፈውን ቲቢን ነው። ካንሰርም ነቀርሳ ይባላል፤ ይሁን እንጂ ካንሰር የገዛ አካላችን ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲበዙ የሚነሣ በሽታ ስለ ሆነ ከታማሚው ወደ አስታማሚው አይተላለፍም። በሽታው ቲቢ አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የታማሚውን ዕቃ መለየትና የልጅ ልጆችን ከአጠገባቸው ማራቅ ያለ ምክንያት ማሳዘን ነው።

የስሙ መመሳሰል ብቻ ሳይሆን የምልክቱም መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። ሳል፥ የደረት ውጋት፥ ክሳትና ደም የቀላቀለ አክታ በሁለቱም ይታያሉ። በአገራችን ቲቢ የበዛ ስለ ሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ እርሱን መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ያሳለ ሰው ሁሉ አክታውን ማስመርመር ይገባዋል። ነገር ግን በአክታቸው ተሐዋሲው ሳይገኝ በራጅ ብቻ ተገምቶ የቲቢ መድኃኒት የተጀመረላቸው አባት፥ አንድ ሁለት ወር ወስደው ካልተሻላቸው፥ ስድስቱ ወር እስኪፈጸም ዝም ብለው መጠበቅ የለባቸውም። መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዳቸው ሳያቋርጡ ወደ ሐኪሙ ተመልሰው «አልተሻለኝም» ይበሉ። በዝምታ የሚያልፈው ጊዜ ካንሰሩ የሚስፋፋበት ጊዜ ነውና።

የዚህ በሽታ ዋና ምክንያት ትምባሆ ነው፤ በሲጋራም ሆነ በጋያ ቢጨስ ጉዳቱ አይቀርም። እናቶቻችን ደግሞ ሲጋራ በእጃቸው ሳይነኩ ዕድሜያቸውን ሙሉ የማገዶ ጭስ ሲተነፍሱ ኖረዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ገልጧል። እንግዲህ «አላጨሱም» ተብሎ የእናት ሳል ሊናቅ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሽታው ካንሰር መሆኑ በታወቀ ጊዜ ቤተ ሰቡ በጓዳ ይመክራል። አንዱ «በሬውን ሸጠን አዲስ አበባ እንውሰዳቸው» ይላል፤ ሌላው «በዚህ ዕድሜያቸው አታንገላቷቸው» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ሕመምተኛውን ራሳቸውን አልጠየቁም። ሐኪምም ቢሆን የሚመዝነው የዓመቱን ቍጥር ብቻ አይደለም። ራሳቸው ይታጠባሉን? ከቤት እስከ ገበያ ይሄዳሉን? ኩላሊታቸውና ልባቸው ደኅና ነውን? ምን ያህል ከሱ? ሌላስ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? የሰባ አምስት ዓመት ብርቱ ሽማግሌ ከስልሳ ዓመት ደካማ ይልቅ ሕክምናውን ሊችል ይችላል።

በሽታው ገና በአንድ ስፍራ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና፥ ቀዶውን ለማይችሉትም በጨረር ሕክምና ሊድን ይችላል። ከተስፋፋ በኋላ ግን የሕክምናው ዓላማ ዕድሜን ማራዘምና ሥቃይን ማቅለል ነው። በፈረንሳይ አገር ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 ዓመት በሆነ 451 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ምርምር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ታትሞ ነበር። ሁለት መድኃኒት በአንድነት ከተሰጣቸው እኩሌቶቹ ከ10 ወር በላይ ሲኖሩ፥ አንድ መድኃኒት ብቻ ከተሰጣቸው እኩሌቶቹ የኖሩት ከ6 ወር ጥቂት በላይ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱን በአንድነት የወሰዱት በመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ይበልጥ ተቸግረዋል። ስለዚህ ትርፉና ጉዳቱ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ለየብቻው ሊመዘን ይገባል።

ማስታገሻ ሕክምናም ተስፋ የመቍረጥ ምልክት አይደለም። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የተስፋፋ የሳንባ ካንሰር ለያዛቸው 151 ሰዎች የተደረገው ምርምር፥ ማስታገሻውን ከመጀመሪያው ከካንሰሩ ሕክምና ጋር ያገኙት ሐዘናቸው ቀልሎ ዕድሜያቸውም ረዝሞ መገኘቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. አስረድቷል። ሐኪም ያዘዘው ሞርፊንም ሕመምን ያስታግሣል፤ ትንፋሽ ማጠርንም ያቀልላል እንጂ ሞትን አይጠራም።

ስለ መንገዱም ጥቂት እንበል። ከሐይቅ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሆን፥ ኋላ በጅማም ተጀምሯል። ስለዚህ በሬው ሳይሸጥ አስቀድሞ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በደረጃው የተጻፈ የሪፈር ወረቀት መያዝ ይገባል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ሐይቅ ከተማ የሚገኝበት ተሁለደሬ ነው፤ ደረጃውን ሳይጠብቅ የሄደ አባል ግን ጥቅሙን ሊያጣ ይችላል።

የተከበራችሁ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች፥ ከሐኪም የመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚነበበው በእናንተ ነው። ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በአክታው ተሐዋሲው ታይቷልን? በሽታው እስከ ወዴት ደርሷል? የታሰበው ሕክምና ለማዳን ነው ወይስ ለማስታገሥ? መልሱንም ለልጆቹ ብቻ አትንገሩ። ሽማግሌው አባት ሊሰሙ ከፈለጉ ለእርሳቸው በለሰለሰ ቃል ይነገራቸው፤ ፈቃዳቸውም ይጠየቅ። ስለ ሰው ርስትና ዕርቅ ሲዳኙ የኖሩ ሽማግሌ ስለ ገዛ ሕይወታቸው ሳይጠየቁ ሊወሰን አይገባምና።