ሳይቃጠል በቅጠል

ሰሞኑን እዚሁ ካርቲየ 5 እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ጎረቤቴ አንድ ጠርሙስ ክኒን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ማህፀን ይከፍታል ተብዬ ነው የገዛሁት፤ እስቲ የተጻፈበትን ያንብቡልኝ» አለችኝ። ካገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሳምንት ሽያጯን ነው ያወጣችበት። አነበብኩላት፤ ተራ ቪታሚን ነው፤ ስለ ማህፀን የሚል ነገር የለበትም። ይህን ጥያቄ ብዙ እህቶች ስለሚያነሱት የማውቀውን ላካፍላችሁ።

እህቶቼ፣ ማህፀን የሚከፍት ቪታሚን የለም። ቱቦ ሲዘጋ ወይም የወንዱ ዘር ሲያንስ መፍትሔው ሐኪም ዘንድ እንጂ ጠርሙስ ውስጥ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው ከ6 ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ልጅ የማጣት ችግር ይገጥመዋል፤ ሴትም ወንድም። ስለዚህ 12 ወር ሞክረው ያልተሳካላቸው ባልና ሚስት ሁለቱም ይመርመሩ። «መካን» የሚለውን ስም ሚስት ላይ ብቻ መለጠፍ ግፍ ነው።

ታዲያ ቪታሚን ጥቅም የለውም ማለቴ ነው? አይደለም! ከማርገዝ በፊት ጀምሮ የሚያስፈልግ አንድ አለ፤ ፎሊክ አሲድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1941 ከስፒናች ስለተገኘ ስሙ የወጣለት «ቅጠል» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ያኔ ደግሞ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አላወቀችም! ቱቦው በደንብ ካልተዘጋ ሕፃኑ ጀርባው ክፍት ሆኖ ሊወለድ ይችላል፤ አንዳንዱም በሕይወት አይቆይም። በአገራችን በኢትዮጵያ ይህ ችግር ከብዙ አገሮች በልጦ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ የእንግሊዞች ጥናት ግን ተስፋ ሰጥቷል፤ ቀድሞ እንዲህ ያለ ፅንስ የገጠማቸው እናቶች ፎሊክ አሲድ አስቀድመው ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 ከመቶ ቀንሷል።

ልጅ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዟ በፊት ጀምራ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላው ትውሰድ። ችግሩ ቀድሞ የገጠማት ግን መጠኑ ስለሚጨምር ሐኪም ይዘዝላት። ከምግብ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመንና ብርቱካን ይህን ቪታሚን ይሰጣሉ። ጎመኑን ብዙ አትቀቅሉት፤ ውሃውንም አትድፉት፣ ቪታሚኑ አብሮ ይሄዳልና። ምግቡ ይጠቅማል፤ ክኒኑን ግን አይተካም። «ከበዛ ይሻላል» ብላችሁም ያገኛችሁትን ሁሉ አትዋጡ፤ ለምሳሌ ቪታሚን ኤ ሲበዛ ፅንስ ይጎዳል።

ጎረቤቴ ይህን ሰምታ «እኔስ እሄዳለሁ፤ እሱን ማን ይንገረው?» አለችኝ። ባሎች ሆይ፣ ይህን ስታነቡ መልሱ ከእናንተ ይጠበቃል። ሚስታችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እናንተም ተመርመሩ።