የደመወዝ ግብርና የፈንክሽን ቀጣይነት

ፈንክሽን ማለት ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድና አንድ ብቻ ውጤት የሚመልስ ሕግ ነው። በካልኩለስ መግቢያ ላይ ቀጣይ ፈንክሽን ብዙ ጊዜ እርሳስ ሳይነሣ የሚሣል መስመር ተብሎ ይገለጻል፤ ይህ አገላለጽ ለመነሻ ግንዛቤ ቢረዳም፣ ቀጣይነት በየነጥቡ የሚመረመር ጠባይ መሆኑን ስለሚሸፍን ብቻውን አይበቃም። ፈንክሽን በአንድ ነጥብ ላይ ቀጣይ የሚባለው በነጥቡ ላይ ዋጋ ሲኖረው፣ ከግራም ከቀኝም ወደ ነጥቡ ሲቀርቡ ውጤቶቹ ሊሚት ወደሚባል አንድ ቁጥር ሲጠጉና ያ ቁጥር ከነጥቡ ዋጋ ጋር እኩል ሲሆን ነው።

የዚህ ፍተሻ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው የስሌቱ ሕግ መካከል ላይ በሚለወጥበት ፈንክሽን ሲሆን፣ በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላ የኢትዮጵያ ከተማ በየወሩ የሚሰላው የደመወዝ ግብር እንዲህ ያለ ፈንክሽን ነው። መጠኖቹ በኋላ ቢሻሻሉም፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ከግብር ነፃ ነበር፤ ከዚያ በላይ እስከ 1,650 ብር ያለው 10 በመቶ፣ ከ1,650 በላይ እስከ 3,200 ብር ያለው ደግሞ 15 በመቶ ይከፈልበት ነበር። መጣኔው በጠቅላላው ደመወዝ ላይ ቢባዛ ኖሮ፣ 1,650 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 165 ብር ሲከፍል፣ ከእርሱ አንድ ብር ብቻ የሚበልጥ ደመወዝ ያለው 247.65 ብር ይከፍል ነበርና የአንድ ብር ጭማሪ ሠራተኛውን ከ81 ብር በላይ ባከሰረው ነበር። ይህን ዝላይ ያስቀረው የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኞች በቃላቸው ያውቁት የነበረው ተቀናሽ ነው፦ በ10 በመቶው እርከን 60 ብር፣ በ15 በመቶው 142.50 ብር ይቀነስ ነበር። ከግራ 165 ሲቀነስ 60፣ ከቀኝ 247.50 ሲቀነስ 142.50፣ ሁለቱም ልክ 105 ብር ይሆናሉ። 142.50 የተገኘውም 60 ላይ የ1,650ን 5 በመቶ፣ ማለትም 82.50ን በመደመር ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የተቀመጠ ሳይሆን ቀጣይነት ራሱ ያስገደደው ነው። ይሁንና ግብሩ ቀጣይ ቢሆንም መጣኔው በዚያው ነጥብ ከ10 ወደ 15 በመቶ ስለሚዘል፣ ግራፉ ሳይቆረጥ ይታጠፋል፤ ቀጣይ መሆንና ለስላሳ መሆን የተለያዩ ናቸው።

ቀጣይነት ከሚያስገኛቸው ውጤቶች ዋነኛውን ቦልዛኖ የተባለው የፕራግ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 አረጋግጧል፦ ቀጣይ ፈንክሽን ከአንድ ዋጋ ተነሥቶ ሌላ ዋጋ ላይ ሲደርስ በመካከላቸው ያለውን ማንኛውንም ዋጋ ሳይነካ አያልፍም። የመንገድ ከፍታ በርቀት ሲለካ ቀጣይ ፈንክሽን ስለሆነ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ወረታ ተነሥቶ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ፣ ቀያሽ ባይለካውም፣ ልክ 2,000 ሜትር የሚሆንበት ነጥብ የግድ አለው፤ ነጥቡ የት እንደሆነና መንገዱ ወጣ ገባ በማለቱ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን ይህ ቴዎረም አይናገርም።