ከስሬም ለምን ግብር እከፍላለሁ?

በሲያትልና አካባቢዋ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ የከፈታችሁ ወገኖች፣ በሒሳብ ሥራዬ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ዛሬ ላብራራው።

የዋሽንግተን ስቴት በድርጅት ትርፍ ላይ የገቢ ግብር አይጥልም። የሚጥለው «ቢ ኤንድ ኦ» የሚባለውን ታክስ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሰላው ከጠቅላላ ሽያጭ ነው። የጤፍ፣ የሥጋ፣ የኪራይ፣ የደመወዝ ወጪ አይቀነስለትም። በ2025 የችርቻሮ መጣኔው 0.471 በመቶ ነበር። ስለዚህ 500,000 ዶላር የሸጠ ምግብ ቤት 2,355 ዶላር ይደርስበታል፤ አተረፈም ከሰረም።

ነጋዴውን የሚጫነው ግን ይህ ብቻ አይደለም። በ2024 በሲያትል ከተማ አነስተኛ ቀጣሪዎች ቲፕ እየታሰበላቸው በሰዓት 17.25 ዶላር መክፈል ይችሉ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ያ ቀርቶ ለሁሉም 20.76 ዶላር ሆነ። ለአንድ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በዓመት ከ7,300 ዶላር በላይ ጭማሪ ማለት ነው። ለአስተናጋጇ ይገባታል፤ የሲያትል ኑሮ ውድ ነው። ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ሰው ከማሰናበቱ በፊት ሰዓት ይቀንሳል፦ የማክሰኞ ምሳ ይቀራል፣ ፈረቃው ያጥራል። እንዲህ ባለ ዓመት ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ መቁረጥ ትንሹን ነጋዴ ይጎዳል፤ በእኔ እምነት መስተካከል አለበት።

እስከዚያው ዋጋ ስታወጡ ይህን ታክስ አስቡበት። ከደንበኛ የሰበሰባችሁትን ሴልስ ታክስ ለብቻው አስቀምጡ፤ የእናንተ ገንዘብ አይደለም። ብትከስሩም ታክሱን በጊዜው አሳውቁ።