የተልባ ዘይትና ሰውነት ገንቢው

ዐቢይ ጾም ገብቶ ሥጋው፣ እንቁላሉና ወተቱ ለ55 ቀናት ከማዕድ ሲነሣ፣ ጂም የሚሠራ ሰው ቀድሞ የሚጨነቀው ለፕሮቲኑ ነው። ሽሮውንና ምስሩን ያበዛል፤ አቅሙ የፈቀደለት የአኩሪ አተር ፕሮቲን ይገዛል። የስቡ ጉዳይ ግን እምብዛም አያሳስበውም። እንዲያውም ውድድር የደረሰበት ስፖርተኛ ወጡ ዘይት ባይነካው ይመርጣል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ቀልጦ ጡንቻው ጎልቶ እንዲታይለት ነው። የተጨማሪ ምግብ ነጋዴዎች ይህን ክፍተት ካወቁት ቆይተዋል። ከፕሮቲን ዱቄቱ ጎን የተልባ ዘይት፣ የኮኮናት ዘይት፣ የሱፍ ዘይትና የአልጌ ዘይት በጠርሙስና በእንክብል ተደርድረዋል። የሚጻፍባቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ለልብ፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለሆርሞን ይላል። ከሁሉም ለእኛ ቅርብ የሆነው ተልባ ነው፤ በትክክል ሊታወቅ ይገባዋል ብዬ የማምነውም እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ ስብ በአብዛኛው እንደ ማገዶ ብቻ ይታሰብ ነበር። ይህን አስተሳሰብ የቀየሩት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ባልና ሚስት፣ ጆርጅና ሚልድረድ በር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 እንዳሳተሙት፣ ከስብ ፈጽሞ የጸዳ ምግብ የተሰጣቸው አይጦች ቆዳቸው ቅርፊት አወጣ፣ ጅራታቸው ቆሰለ፣ እድገታቸው ቆመ። አስፈላጊውን ስብ በጥቂቱ ሲያገኙ አገገሙ። ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችል፣ የግድ ከምግብ የሚመጡ የስብ አሲዶች እንዳሉ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ሁለት መሆናቸው ይታወቃል፤ አንዱ ከኦሜጋ 6 ወገን የሆነው ሊኖሌይክ አሲድ፣ ሌላው ከኦሜጋ 3 ወገን የሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው።

ለጾመኛው ስፖርተኛ ዋናው ነገር ይህ ልዩነት ነው። ኑግ፣ ሱፍና ሰሊጥ በመጀመሪያው የበለጸጉ ናቸው፤ የኑግ ዘይትማ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ሁለተኛውን ግን የሚሰጡት እዚህ ግባ የማይባል ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ የመጀመሪያውን በጥቂቱ ይይዛል፣ ሁለተኛው የለውም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ኦሜጋ 3፣ 6 እና 9ን አንድ ላይ ያደባለቀ እንክብል የሚገዛ ሰው ከሦስቱ ሁለቱን ከወጡ ሲያገኝ የኖረ ነው። የሚጎድለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተልባ ውስጥ ሞልቷል።

የደጋው ገበሬ ተልባን የሚዘራው ለፍሬው ነው። በአውሮፓ ግንዱ ለክር ሲፈለግ ኖሯል፤ እኛ ዘንድ ግን የሚቆላው፣ የሚወቀጠውና የሚበጠበጠው ፍሬው ነው። ከፍሬው ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ዘይት ሲሆን፣ ከዘይቱ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተልባ ዘይት 14 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 7 ግራም አካባቢ ኦሜጋ 3 እና 120 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ለአዋቂ ወንድ በቀን 1.6 ግራም፣ ለሴት 1.1 ግራም ይበቃል ብሏል። አንድ ባለ 1000 ሚሊ ግራም እንክብል ግማሽ ግራም ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ስለሚይዝ፣ ወንዱ በቀን ሦስት ያህል መዋጥ ይኖርበታል። ከገበያ የተገዛ፣ በቤት የተፈጨ የተልባ ዱቄት ግን አንድ የሾርባ ማንኪያው፣ ማለትም 7 ግራም ያህሉ፣ ያንኑ 1.6 ግራም ይሰጣል። የዋጋውን ልዩነት ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህም በላይ ዘይቱ ሲጨመቅ አሰሩና ሊግናን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በአብዛኛው ከፋጉሎው ጋር ይቀራሉ። ፕሮቲን አብዝቶ አትክልት ለሚያሳንስና ሆዱ ለሚደርቅበት ስፖርተኛ ደግሞ አሰሩ ራሱ መድኃኒት ነው። ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ በአብዛኛው እንደገባ ይወጣል፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አንጀት አይሰብረውም። ጥሬው ፍሬ ሲፈጭ ሳያናይድ ሊያመነጩ የሚችሉ ውሕዶችን ይዟል፤ እሳት ይቀንሳቸዋል። እናቶቻችን ለስለስ አድርገው ቆልተው፣ ወቅጠውና ነፍተው በውኃ የሚበጠብጡት ተልባ በሁለቱም በኩል ትክክለኛው አዘገጃጀት ነው።

ዘይቱን በጠርሙስ የሚገዛ ሰው ከመጠኑ ይልቅ ሊጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ፤ መበላሸቱ ነው። አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ በሰንሰለቱ ላይ ሦስት ድርብ ትስስሮች አሉት፤ ኦክስጅን የሚያጠቃውም በእነዚሁ በኩል ነው። ጠብታውን መስተዋት ላይ ጥለው ለቀናት ቢተዉት ይጣበቃል፣ ቆይቶም ስስ ቆዳ ያበጃል። ሠዓሊዎች ለዘመናት ቀለማቸውን በዚህ ዘይት የለወሱት፣ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተንም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሊኖሊየም የተባለውን የወለል ምንጣፍ ከዚሁ የሠራው ለዚህ ባሕርዩ ሲሉ ነው። ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ፊላደልፊያ፣ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ በተባለው 38 ፎቅ ሕንፃ ላይ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሞቱበት ቃጠሎ የተነሣው የእንጨት ግድግዳ ሲወለውሉበት ከዋሉ፣ የተልባ ዘይት ከጠጡ ጨርቆች ነው።

ይህን የምተርከው ለማስፈራራት አይደለም። ለምግብ የሚሆነው የተልባ ዘይት ያለ ሙቀት የተጨመቀ፣ በጠቆረ ጠርሙስ የታሸገ፣ ከፋብሪካ እስከ ሱቅ በቅዝቃዜ የቆየ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ለወራት የቆመ ነጭ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ጊዜ ባያልፍም እኔ አልገዛውም። ደኅናው ዘይት የለውዝ ዓይነት ለስላሳ ጣዕም አለው። ከፍተው ሲያሸቱት ቀለም ቀለም ካለ፣ ሲቀምሱት ጉሮሮ የሚይዝ ምሬት ካለው ይደፋ። ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ በስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ማለቅ አለበት፤ መጥበሻ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይወጣም። እንክብሉ ሽታውን ስለሚሸፍን አንዱን ሰብሮ ማሽተት ብልኅነት ነው። የተፈጨ ተልባም ቢሆን ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ቢያዘጋጁ ይሻላል።

ዘይቱ ለጡንቻ ምን ይሠራል? በቀጥታ ብዙ አይደለም፣ ይህም በግልጽ መነገር አለበት። ስለ ኦሜጋ 3 እና ጡንቻ ተስፋ የሰጡት ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በዓሣ ዘይት ውስጥ ባሉት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ በሚባሉት ነው። ሰውነታችን ከተልባው ኦሜጋ 3 ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው ጥቂቱን ነው፤ ወደ ዲኤችኤ የሚደርሰው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሴቶች በኤስትሮጅን ምክንያት ከወንዶች ይሻላሉ። ዓሣ የማይበላ ሰው እነዚህን ከፈለገ መንገዱ የአልጌ ዘይት ነው። ዓሣውም ቢሆን ዲኤችኤውን የሚያገኘው ከነዚሁ በውኃ ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። የሚጾምም ሆነ ሐላል የሚጠነቀቅ ሰው ግን ጠርሙሱን አዙሮ ያንብብ። ዘይቱ የዕፅዋት ሆኖ ሽፋኑ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ጀላቲን የሆነ እንክብል ብዙ ነው።

ከሱፍ ዘይት ተቀነባብሮ ስብ ያቀልጣል እየተባለ የሚሸጠው ሲኤልኤ ብዙ ጊዜ አያስወስድም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የጥናቶች ድምር ትንተና ያገኘው የስብ ቅነሳ በሳምንት ከ100 ግራም ያነሰ ነበር። ከኮኮናት የሚወጣው ኤምሲቲ የሚባል ዘይትም ቶሎ ጉበት ደርሶ ኃይል ይሆናል፤ በባዶ ሆድ በዛ ተደርጎ ከተወሰደ ግን ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣልም።

ከሆርሞን ጋር የሚነሣው ወሬ ጥቂት እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 ስድስት ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ትንተና፣ ስብ በጣም ያነሰበት አመጋገብ የወንዶችን ቴስቶስቴሮን ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ስብን ከምግብ ጠራርጎ ላለማውጣት በቂ ምክንያት ነው። ስብ በአግባቡ የሚበላ ሰው በላዩ ላይ እንክብል ቢጨምር ሆርሞኑ ከፍ ይልለታል ማለት ግን አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ እነዚህ ዘይቶች ስቴሮይድ ለሚወስዱ ወጣቶች እንደ መከላከያ ሲመከሩ ነው። «ሳይክል ላይ ስትሆን ኦሜጋ ውሰድ፣ ልብህን ይጠብቅልሃል» የሚል ምክር በየጂሙ ይሰማል፤ ሳይክል የሚሉት ስቴሮይድ የሚወሰድበትን ዙር ነው። ስቴሮይድ፣ በተለይ የሚዋጠው፣ ጥሩ የሚባለውን ኮሌስትሮል በእጅጉ ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሰርኩሌሽን በተባለው የልብ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 140 ብረት የሚያነሱ ወንዶችን መረመረ፤ 86ቱ ስቴሮይድ የወሰዱ ነበሩ፣ የልባቸው የመርጨት አቅምም ካልወሰዱት ደከም ብሎ ተገኘ። ይህን ጉዳት አንድ ማንኪያ ዘይት አይመልሰውም። ዘይትን በመርፌ ጡንቻ ውስጥ ከትቶ ክንድን ማሳበጥ ደግሞ ሥጋውን ያደነድነዋል፣ ያመግላል፣ በቢላዋ እስከ መቆረጥም ያደርሳል። ሳይክል የጀመረ ሰው የደም ግፊቱን፣ ኮሌስትሮሉን፣ የደሙን ውፍረትና ጉበቱን ያስመርምር፤ የወሰደውንም ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። ዋርፋሪንን የመሰለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ቀዶ ሕክምና የተቀጠረ ሰውም የኦሜጋ 3 እንክብል ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።