የክርን ጉዳት፦ ከአጥንቱ በፊት ጣቶቹን እንመልከት

 

በየቀኑ ውዱእ ስናደርግ እጃችንን እስከ ክርናችን እናጥባለን። ክርናችንን ግን ካልታመመ በስተቀር ልብ አንለውም። ጉርሻ ከአፋችን የሚደርሰው፣ ለሱጁድ ወርደን የምንነሳው፣ ሕፃን የምንታቀፈው በዚህ መገጣጠሚያ ነው። ለመሆኑ ይህ ኒዕማ እንዴት ይሠራል? ሲጎዳስ ምን ማድረግ ይገባናል?

አሠራሩ

ክርን ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። አንዱ ከላይ ከትከሻ ይወርዳል፤ ሁለቱ ደግሞ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ይዘልቃሉ። ከሁለቱ በትንሿ ጣት በኩል ያለው እንደ በር ማጠፊያ ክንዳችንን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። በአውራ ጣት በኩል ያለው ደግሞ በጎረቤቱ ላይ ይዞራል። እስቲ ይሞክሩት፦ ክንድዎን አጥፈው በሌላው እጅዎ የክርንዎን ሹል ጫፍ ይያዙ። ከዚያም መዳፍዎን ለዱዓ እንደሚያነሱ ወደ ላይ፣ ቀጥሎም ወደ ታች ያዙሩ። እጅዎ ሲገላበጥ ሹሉ አጥንት ከቦታው አይነቃነቅም። ቁልፍ የምናዞረው በዚህ አሠራር ነው።

ጣቶቻችንን የሚያንቀሳቅሱት ዋና ዋና ጡንቻዎችም ያሉት በክንዳችን ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹ ከክርን አካባቢ ይነሳሉ። ስለዚህ ልብስ ሲጨምቁ የሚውሉ እናቶችም ሆኑ መዶሻ የማይለያቸው ባለሙያዎች ክርናቸውን ከውጭ በኩል ሊያማቸው ይችላል። ሐኪሞች ይህን ሕመም «የቴኒስ ክርን» ይሉታል፤ ከሚታመሙት አብዛኞቹ ግን ቴኒስ ተጫውተው አያውቁም። ሥራውን መቀነስና ክንድን ማሳረፍ ዋናው መፍትሔ ነው፤ መዳኑ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል።

የሕፃናት ክርን

ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለን ሕፃን በአንድ እጁ አንጠልጥለን ስናነሳው፣ በክርኑ ውስጥ አጥንቱን የከበበው ጅማት ሊንሸራተት ይችላል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እጁንም አላንቀሳቅስም ይላል። ሐኪም በአንድ ቀላል እንቅስቃሴ ይመልሰዋል። ስብራት ሊሆንም ስለሚችል ግን ቤት ውስጥ አንሞክረው። ሕፃን የሚነሳው ከብብቱ ተይዞ ነው።

ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ደግሞ የባሰ ጉዳት ይበዛል። ልጁ ከዛፍ ወይም ከአጥር ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይመክታል፤ ከክርኑ በላይ ያለው ስስ አጥንትም ይሰበራል። ለእጅ ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ሥር የሚያልፈው ከዚህ አጥንት ፊት ለፊት ነው።

እኛም በመምህርነታችን ያየነው አለ። አንድ ተማሪያችን ወድቆ ክርኑን ተሰበረ። ወጌሻ ዘንድ ተወስዶ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ «ሰብር አድርግ» ተባለ። ሲነጋ ጣቶቹ አብጠውና ቀዝቅዘው ተገኙ። አጥንቱ በጊዜው ገጠመ፤ ጣቶቹ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። ዛሬ እርሳስ የሚይዘው በግራ እጁ ነው።

ያ ጩኸት የትዕግሥት ማነስ አልነበረም፤ ማስጠንቀቂያ ነበር። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ቮልክማን ይህን ጉዳት በ1881 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ጽፎታል። የተጎዳ ክንድ ያብጣል፤ ማሰሪያው አላላላ ሲል እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደም ይታገዳል። ደም ያጣ ጡንቻ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሊሞት ይችላል። የሞተ ጡንቻ ደግሞ ተኮማትሮ ጣቶችን እንደጎተተ ይቀራል።

ምን እናድርግ?

• ክንዱን አንሳበው፣ አንሸው፣ ለማቃናትም አንሞክር። እንዳለ በነጠላ ደግፈን ከአንገቱ እናንጠልጥለው።
• ቀለበትና አምባር ካለ ቶሎ እናውልቅ።
• በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ምግብ አንስጠው።
• ጣቶቹን ደጋግመን እንመልከት። ከገረጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ስናቃናቸው ሕመሙ የሚብስ ከሆነ አንድ ሰዓት እንኳ አንጠብቅ። ጄሶ የታሰረለት ልጅም ይህ ከታየበት በሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤቱ ይመለስ።

«ጄሶ ከታሰረ ውዱእ እንዴት ይሆናል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። የፊቅህ ሊቃውንት የታሰረው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስን አስተምረዋል፤ ዝርዝሩን ዑለሞችን እንጠይቅ። ለውዱእ ተብሎ ማሰሪያው አይፈታ።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን አማናችን ናቸው። በአላህ መመካት ሰበብ ከማድረስ ጋር ነው። ልጃችን ታስሮ ሲያለቅስ «ታገስ» ከማለታችን በፊት ጣቶቹን እንይ።