የፈረንጅ መምህር አመሻሽ፤ ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ

የውጭ አገር ሰው ትንሽ ከተማ ውስጥ መምህር ሆኖ ሲመደብ ቀኑ ብዙም አያስቸግረውም። ቀን ክፍል አለ፣ ጠመኔ አለ፣ ደወል አለ። የሚከብደው ማታው ነው። በተለይ ፀሐይ ከጉና ጀርባ ገብታ ነፋስ መውጫ እንደ ስሟ መንፈስ ስትጀምር ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ቤት ተከርችሞ ደብተር ማረም፣ ወይ ወጣ ብሎ ከሰው ጋር መቀመጥ። በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ለማየት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ትንሽ ታሪክ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 ነው። የመጀመሪያው ቡድን ከ270 በላይ ሰው የነበረበት ሲሆን አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ፣ ከኛ ብዙም የማይበልጡ ወጣቶች ነበሩ። በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። ጓዱ በ1977 ወጣ፣ በ1995 ተመለሰ፣ በኤርትራው ጦርነት ሳቢያ እንደገና ሄደ፣ በ2007 መጣ፤ በመጋቢት 2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት በጎ ፈቃደኞቹን ከመላው ዓለም ሰበሰበ። ሕንዳውያን መምህራንም ነበሩ። ስለ እነሱ ግን ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ጋይንት ውስጥ ግን የውጭ ሰው ማለት አሜሪካዊ ብቻ አይደለም። ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1971 እ.ኤ.አ. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ብድር፣ በደርግ ዘመን ተሠራ። ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ስለዚህ አንድ የካሊፎርኒያ ልጅ አመሻሽ ላይ ከቤቱ ወጥቶ ሲሄድ ሕፃናት «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ቢከተሉት ሊገርመው አይገባም።

የመጀመሪያው ችግር ሰዓት ነው። የሥራ ባልደረባው «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ይለዋል። የኛ ቀን የሚቆጠረው ከጠዋቱ ጀምሮ ስለሆነ በእሱ ሰዓትና በኛ መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ምስኪኑ በራሱ ሁለት ሰዓት፣ በኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ፀሐይ ላይ ይገተራል። ጋባዡ ግን ያለው የማታውን ነው።

ሁለተኛው ጠላ ቤት ነው። ምልክቱ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነው፤ ጽሑፍ የለም፣ ስለዚህ ማንበብ የቻለም ያልቻለም እኩል ያገኘዋል። እንግዳው ሲገባ የተቀመጡት ብድግ ይላሉ። «ኖር!» ይባላል፣ መልሱ «በእግዜር» ነው። እሱ ደግሞ «ሰውን ሁሉ አስነሣሁ» ብሎ ያፍርና ቆሞ ይቀራል፣ እሱ ካልተቀመጠ እነሱም አይቀመጡ። ባለቤቷ ከመቅዳቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ መጠጡ ንጹህ መሆኑን ማሳየቷ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ። በእሱ አገር የቀረበለትን መተው ነውር ስለሚመስለው ጣሳውን ጨልጦ ያስቀምጣል። እኛ ዘንድ ባዶ ጣሳ ማለት «ጨምሩልኝ» ማለት ነው። ይጨመርለታል፣ ይጨልጣል፣ ይጨመርለታል። ሁለቱም ወገን ጨዋነቱን እየጠበቀ እንግዳው ይሰክራል! መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሞልቶ መተውና እጅን ጣሳው አፍ ላይ ማድረግ። «በሞቴ» ከመጣ ግን እኔም መላ የለኝም።

ምግቡን ባጭሩ ልለፈው። ረቡዕና ዓርብ ጥብስ የሚፈልግ ፈረንጅ ሽሮ በልቶ ይመለሳል። ጉርሻውን ግን መቀበል አለበት።

አዝማሪ ካለ ነገሩ ይለያል። አዝማሪው እንግዳ ሲያይ ማሲንቆውን ይዞ ወደ እሱ ይዞራል፣ ከጠጪው መካከልም «ተቀበል» እያለ ግጥም የሚሰጥ አይጠፋም። ግጥሙ ሙገሳ ሊሆን ይችላል፣ በሙገሳ የተሸፈነ ቀልድም ሊሆን ይችላል፤ ሰሙ «ጎበዝ መምህር» ሲል ወርቁ ስለ አፍንጫው ሊሆን ይችላል። እሱ ሁሉንም እንደ ሙገሳ ይወስድና ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ቤቱም በሳቅ ይፈርሳል። አብሮ ከሳቀ ግን፣ ባይገባውም እንኳ፣ በማግስቱ ገበያ ላይ «ፈረንጅ» መባሉ ቀርቶ «መምህር» ይባላል። እኔ እንደሚመስለኝ የአመሻሹ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ሴሚስተር የሚፈጀው መግባባት እዚህ በአንድ ማታ ይገኛል።

ሂሳብ መክፈል ሌላ ጦርነት ነው። እሱ የራሱን ድርሻ ለይቶ ሊከፍል ሲል ጋባዡ ይቀየማል፣ «ቆጠርከኝ እንዴ?» እንደማለት ነውና። ዛሬ ዝም ብሎ በሌላ ቀን ቀድሞ መክፈል ነው የሚሻለው።

እስካሁን «እሱ» እያልኩ የመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰላም ጓድ መምህራን መካከል ከመጀመሪያው ቡድን ጀምሮ ሴቶች ነበሩ። ፈረንጅ ሴት ወንዶች መካከል ተቀምጣ ጠላ ብትጠጣ ሰው «ያገሯ ልማድ ነው» ብሎ ያልፋታል። ከባሕር ዳር ወይም ከደሴ ተመድባ እስቴ መካነ ኢየሱስ ወይም ስማዳ ወገዳ የምትገባው የኛው መምህርትስ? እሷም ለከተማው እንግዳ ናት፣ ዘመድ የላትም፣ ማታው ይረዝምባታል። ነገር ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ጠላ ቤት ብትታይ በማግስቱ ተማሪዎቿ ሳይቀሩ ያወሩባታል። የሚገርመው ጠላውን የምትጠምቀው፣ ቤቱን የምታስተዳድረው፣ ሰካራሙን የምታስወጣው ሴት ናት። ለፈረንጇ የተሰጠው ይቅርታ ለመምህርቷ የተከለከለበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም።

የቅርቡ ጊዜ ደግሞ ማታውን ከሁሉም ነጥቆታል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ መጣ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ግጭት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው ቢያበቃም አምሽቶ መግባት እንደ ድሮው አልሆነም። እኔ ባደግኩበት ሰፈር እንግዳ መምህር ሲመጣ አሁን የሚጠራው ለቡና ነው፣ እሱም ከምሳ በኋላ፤ ለቡናው ደግሞ መምህርቷም ትጠራለች።