የጎማ የመጨረሻዋ ሚሊ ሜትር ስንት ብር ታወጣለች?

መርካቶ ጎማ ተራ የሚገባ ገዢ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ቁጥሩ አለ ወይ፣ የየት አገር ሥሪት ነው፣ የመጨረሻው ስንት ነው። መቼ ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አሮጌው ጎማ በእርግጥ የሚጣልበት ጊዜ ደርሶ ነበር ወይስ ጥቂት ወራት ይሠራ ነበር የሚለውንም ለሾፌሩ ወይም ለጎሚስታው ትቶ የሚመጣው ይበዛል።

ጉዳዩ ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው። የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ጎማ ደግሞ ወይ ራሱ ተሠርቶ፣ ወይ ጥሬ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ዕቃ ነው። ስለሆነም ቀድሞ የቀየረ ገንዘቡን ይጥላል፤ ዘግይቶ የቀየረም ሌላ ነገር ይጥላል።

የአንድ አዲስ የቤት መኪና ጎማ የጥርስ ጥልቀት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአሜሪካም በአብዛኞቹ ግዛቶች ልኩ ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ ነው። ጎማ ሠሪዎች ይህንኑ ልክ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ በትንንሽ እብጠቶች ያመለክቱታል። ጎኑ ላይ “ቲ ደብልዩ አይ” የሚሉት ፊደላት ወይም አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን የእብጠቷን ቦታ ትጠቁማለች። ጥርሱ ተበልቶ ከእብጠቷ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። መለኪያ የሌለው ሰው የክብሪት እንጨት ቦዩ ውስጥ አስገብቶ፣ በጥፍሩ ምልክት አድርጎ፣ በተማሪ ማስመሪያ ቢለካ ይበቃዋል። መለካት ያለበት ግን በመሐልም በሁለቱም ዳር ነው፤ በመሐል 4 ሚሊ ሜትር ያለው ጎማ በውስጥ ዳሩ ሽቦው ሊታይ ይችላልና።

እንግዲህ ከ8 ላይ 1.6 ሲቀነስ ባለንብረቱ በገንዘቡ የገዛው 6.4 ሚሊ ሜትር ነው። ለስሌት እንዲመች ጎማው 10,000 ብር ተገዝቶ 40,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር 1,560 ብር ገደማ ታወጣለች፤ 6,250 ኪሎ ሜትርም ታስኬዳለች። 1.6 እስኪደርስ ሳይጠብቅ 3 ሚሊ ሜትር ላይ የቀየረ ሰው በአንድ ጎማ 2,190 ብር ያህል፣ በአራቱ 8,750 ብር ሳይጠቀምበት ጣለ ማለት ነው። ብዙ ሾፌሮች እስከ መጨረሻው የሚነዱትም ይህን በልባቸው ስለሚያሰሉ ነው።

ስሌቱ የሚጎድለው ዝናቡን ነው። የጥርሱ ቦይ ዋና ሥራ ውኃውን ከጎማው ሥር ማስወጣት ነው። ቦዩ ሲጠብ ጎማው አስፋልቱን ትቶ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ፍሬን የሚይዝበት ርቀትም በእርጥብ መንገድ ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች በፍጥነት ይረዝማል። በደረቅ አስፋልት ላይ ያን ያህል ልዩነት የለም። በመሆኑም ለአዲስ አበባ ባለመኪና የሚበጀው ውሳኔ እንደ ወቅቱ የተለያየ ነው። በግንቦት መጨረሻ 3 ሚሊ ሜትር የቀረው ጎማ ሐምሌና ነሐሴን እንዲያሳልፍ መተው 2,190 ብሩን አድኖ የፊተኛውን መኪና ሻንጣ መክፈል ሊሆን ይችላል። በጥቅምት 3 ሚሊ ሜትር ያለው ጎማ ግን፣ ሌላ ጉዳት ከሌለበት፣ በጋውን ቢሠራ የሚነቀፍ አይደለም።

ሁለት ጎማ ብቻ ለመግዛት አቅሙ የፈቀደለት ሰው አዲሶቹን ከፊት ማሰር ይወዳል። ታላላቆቹ ጎማ አምራቾች የሚመክሩት ተቃራኒውን ነው፤ አዲሱ ጥንድ ወደ ኋላ ይሄዳል። የፊት ጎማ ሲንሸራተት ሾፌሩ በመሪው ይሰማዋል፣ እግሩን ከነዳጅ ያነሳል። የኋላው ሲከዳ ግን መኪናው ከመዞሩ በፊት ምንም አይናገርም።

የጥርሱ ነገር ይህን ያህል ሆኖ፣ ገዢን ይበልጥ የሚያታልለው ግን ዕድሜው ነው። በጎማው ጎን “ዲ ኦ ቲ” ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ከሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነውና ዋጋውን መጠየቅም አያስፈልግም። እዚህ ላይ በእኛ አገር ብቻ ያለ ወጥመድ አለ። “1216” የሚል ያየ ገዢ፣ ሻጩም ዝም ካለ፣ ጎማው የ2016 ዓ.ም. ምርት ይመስለዋል። ቁጥሩ የሚናገረው የ2016 እ.ኤ.አ. 12ኛ ሳምንትን፣ ማለትም መጋቢት 2008 ዓ.ም.ን ነው። ገዢው በሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል የስምንት ዓመት አሮጌ ጎማ በአዲስ ዋጋ ተሸከመ ማለት ነው። ሙሉው ቁጥር ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ፣ ጎማው ቸርኬ ላይ ከታሰረ በኋላ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊደበቅም ይችላል። ከመታሰሩ በፊት ማየት ይሻላል።

ላስቲክ ቢነዳም ባይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይና ሙቀት ያፈጥኑታል። በርካታ የመኪና ፋብሪካዎች ጥርሱ ምንም ቢሆን በ6 ዓመት እንዲቀየር ይመክራሉ። ሚሸሊን በበኩሉ ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ደህና ቢመስልም እንዲጣል ይመክራል። ዋጋ ይጨምራል ብሎ ጎማ ገዝቶ በቆርቆሮ መጋዘን የሚያከማች ነጋዴም ይህን ማሰብ አለበት፤ ዕቃው እንደ ምስማር አይደለም።

ጥርስ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ዓለም የተማረው በ2000 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ነው። ፋየርስቶን በአብዛኛው በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የታሰሩ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ ሲሰበስብ፣ ችግሩ የጥርሱ ሽፋን ከሥሩ ካለው ሽቦ በጉዞ ላይ መላቀቁ ነበር። በአሜሪካ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አደጋው የበዛው በሞቃታማዎቹ ግዛቶች ሲሆን፣ የንፋሱ ማነስም በክርክሩ ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበረው። ከአዋሽ እስከ ሚሌና ጋላፊ ያለውን የአፋር በረሃ ጭነት አብዝተውና ንፋስ አሳንሰው ለሚያቋርጡ የጅቡቲ መስመር ባለመኪኖች ነገሩ ሩቅ አይደለም። ጎማው ጎኑ ላይ ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ሽቦው ከታየ መለካት አያስፈልግም፤ ይወርዳል።

ለከባድ መኪና መለኪያው ጠበቅ ይላል። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ የፊት ጎማ 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ለሌሎቹ የዚያን ግማሽ ይጠይቃል፤ የታደሰ ወይም ጥርሱ እንደገና የተቀረጸ ጎማ ከአውቶቡስ ፊት እንዳይታሰርም ይከለክላል። የታደሰ ጎማ በራሱ ነውር አይደለም፤ አካሉ ጤነኛ ከሆነ ለተሳቢና ለኋላ እግር አትራፊ ነው። ነውሩ ጎኑ ላይ “ሪግሩቨብል” የሚል ያልተጻፈበትን ልሙጥ ጎማ በጋለ ስለት ቀርጾ ጥርስ ማስመሰል ነው፤ ስለቱ የሚበላው ሽቦውን የሚሸፍነውን ላስቲክ ነውና። በጥንድ በሚታሰሩት የኋላ ጎማዎች ላይ ደግሞ አንዱን አዲስ፣ አንዱን ያለቀ ማድረግ ቁጠባ አይደለም። ትልቁ ጭነቱን ሁሉ ለብቻው ተሸክሞ አዲሱ ቀድሞ ይቃጠላል።

የመኪና ደላሎችም ጎማ ከሚናገረው ብዙ መማር ይችላሉ። መሐሉ ብቻ የተበላ ጎማ ንፋስ ይበዛበት ነበር፤ ሁለቱም ዳር ከተበላ ያንሰው ነበር። በአንድ ዳር ብቻ ከተበላ አላይመንቱ ተዛብቷል፣ ወይም መኪናው ተጋጭቶ ነበር። 25,000 ኪሎ ሜትር የሚያሳይ መኪና አራቱም ጎማዎቹ ከመኪናው ዓመት በኋላ የተሠሩ ከሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ የት ሄዱ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የቦሎ ምርመራ ማለፉ ለዚህ መልስ አይሆንም።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ባትሪያቸው ስለሚከብድና ሲነሱ ጉልበታቸው በአንዴ ስለሚመጣ ጎማ ቶሎ ይበላሉ። ጎማ ሲቀየርላቸው ስፋቱ ብቻ ሳይሆን የመሸከም ቁጥሩም ከመጀመሪያው ማነስ የለበትም። ስኮርታውም በዚሁ ሒሳብ ይታያል፤ ከመኪናው ጋር መጥቶ መሬት ያልነካ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም፣ የተሠራበት ቁጥር 10 ዓመት ካለፈው እስከ ቅርቡ ጎሚስታ ካላደረሰ በቀር ለረጅም መንገድ አይታሰብም።